ቢጫ መብራት በርቶ፣ ከራቤል ወደ መሃል ሜዳ

መኪናዬን የሸጠልኝ ሰውዬ አንዲት አምፖል ነቅሎ ነው የሸጠልኝ። ሞተር ሲታመም ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ ሆና የምትበራ ትንሽ መብራት አለች፤ የእሷን አምፖል። ይህን ያወቅኩት ከገዛኋት ከወራት በኋላ ነው። ቁልፉን ግማሽ ሲከፍቱት፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፣ የዘይቱም የባትሪውም የፍሬኑም መብራት አብረው ቦግ ይላሉ፤ የእኔዋ ላይ ግን አንዲት ቦታ ጨለማ ነበረች። መካኒኩን ስጠይቀው ሳቀብኝ።

"እዚህ አገር የሚሠራ አሮጌ መኪና ሁሉ እሷ የለችውም፣ እህቴ። ምን ታደርግልሻለች? በርታ ከምታስጨንቅሽ ብትቀር ይሻላል።"

"ብልሽት ካለ ልጨነቅ! እኔን የሚገድለኝ የማላውቀው ነገር ነው። አሁኑኑ ግጠምልኝ።"

ገጠመልኝ፤ እንደ ገጠማትም በራች፤ ሻጩ የደበቀኝን ብልሽት እስካስጠግን አልጠፋችም። ሻጩን ስንት ጊዜ እንደረገምኩት እግዜር ይወቀው።

አዳዲሶቹ መኪኖች ከስልክ ጋር በሚገናኝ መሣሪያ ይነበባሉ። የእኔዋ አሮጌ ናት፣ አነጋገሯም ሌላ ነው። ኮፈኑ ሥር ክዳን ያላት ትንሽ ጥቁር ሣጥን አለች፤ ውስጧ ካሉት ቀዳዳዎች ሁለቱን በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን መክፈት ነው። ያኔ ቢጫዋ መብራት ብልጭ ድርግም እያለች ቁጥር ትነግራችኋለች። ጥቂት ብልጭታ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ደግሞ ጥቂት ብልጭታ። ቁጥሩ የትኛው ክፍል እንደታመመ ይናገራል። መካኒኩ ዋና ዋናዎቹን አስጠናኝ፤ እኔም ቁራጭ ሽቦዋን ከመንጃ ፈቃዴ ጋር አስቀመጥኳት። ሰው ይሥቅብኝ ነበር። "ሐኪሟ መጣች" ይሉኛል ገበያ ላይ ያሉ ሾፌሮች። ይሣቁ።

ሥራዬ ባና መነገድ ነው። ግሼና መንዝ ያሉ ሠሪዎች ከበግ ጠጉር የሚሠሩትን ወፍራም ብርድ ልብስ ከየቤቱ እሰበስብና መሃል ሜዳ፣ ሲቀናኝ ደግሞ ደብረ ብርሃን ገበያ አወጣለሁ። አባቴም ባና ሠሪ ናቸው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከራቤል ወጣ ብሎ ባለው ቤታችን ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። "ከተማ እኔ ዘንድ ይምጡ" ስላቸው "እኔስ እመጣለሁ፣ የሽመና ዕቃዬን የት ታስቀምጪዋለሽ?" ይሉና ወሬውን ይለውጡብኛል። ወሬ በመለወጥ የሚያክላቸው የለም።

በዐቢይ ጾም፣ አንድ ማለዳ፣ ጎረቤታቸው ስልክ ደወለችልኝ። "አባትሽ ደህና አይደሉም። ቶሎ ነይ" አለችና ዘጋችው። መኪናዋን እንዴት እንዳስነሣሁ አላስታውስም።

ስደርስ አባቴ መደቡ ላይ ጎብጠው ተቀምጠዋል፤ በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን ጨብጠዋል። ውጭው አመዳይ የመታው ብርድ ነው፤ የእሳቸው ግንባር ግን ላብ ችፍ ብሎበታል። አጠገባቸው ነፍስ አባታቸው ተቀምጠዋል፤ አዛውንት ቄስ ናቸው፣ እኔንም ክርስትና ያነሡኝ እሳቸው ናቸው። እግራቸው ሥር ነጭ ጀሪካን አለ። ጠበል ነው። ከትናንት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ እያጠጧቸው ነበር።

"ምን ሆኑ አባዬ?"

"ሆዴን ነው።"

"ሆድዎን ምን?"

"ሆዴን አልኩሽ እኮ። ሆድ ሆድ ነው።"

ቄሱን አየኋቸው። መቁጠሪያቸውን እያገላበጡ መሬት መሬት ያያሉ። ያን ጊዜ ደስ አላለኝም፤ ግን ማን ያስተውላል? አባቴን ደግፈን መኪና ውስጥ አስገባናቸውና ወደ ራቤል ጤና ጣቢያ በረርኩ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ለጋ ወጣት ናት፣ ታናሼ ልትሆን ትችላለች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ የሚጠየቀውን ሁሉ ጠየቀቻቸው። ተቅማጥ? ትውከት? ሰገራ? ሽንት? አባቴ ዓይናቸውን ጣራው ላይ ሰክተው "ደህና ነው፣ ደህና ነው" ብቻ ነው መልሳቸው። ከእምብርታቸው በታች ጫን ስታደርጋቸው ግን እጇን አፈፍ አድርገው ጮኹ። አባቴ ሲጮኹ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ልጅቷ ፊቷ ተለዋወጠ።

"የተወጠረ ነገር አለ። ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ አሁኑኑ መሃል ሜዳ ሆስፒታል መድረስ አለባቸው። ለኦፕሬሽን ሊሆን ይችላል። አምቡላንሱ ግን ወላድ ይዞ ወጥቷል።"

"ምጡንም ጨምሮ እኔ እወስዳቸዋለሁ!" አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ አሁንም አላውቅም።

በጀርባቸው እንዲጋደሙ የኋላውን ወንበር አጥፌ፣ የጫንኩትን ባና ሁሉ በረንዳው ላይ አራገፍኩት። ሁልጊዜ የማይለየኝን ቢጫ የውሃ ጀሪካንም ከባናው ጋር አወረድኩት። ለአባቴ እግር ቦታ ላግኝ ብዬ ነው። ቄሱ ነጩን የጠበል ጀሪካን እንደታቀፉ ከኋላ ገቡ፤ የአባቴን ራስ ጭናቸው ላይ አደረጉ። ወጣን።

መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ኮረኮንች ነው፣ ያውም የተፋቀ። ብትፈጥኑ መኪናዋ ትዘላለች፣ በዘለለች ቁጥር አባቴ "እህህ" ይላሉ። ብትዘገዩ ደግሞ ሰዓቱ ይሄዳል። አንዴ እያፈጠንኩ፣ አንዴ እያዘገየሁ፣ እንዲህ ስል፣ ገና ራቤልን ተሻግረን ሜዳው ላይ እንደወጣን ቢጫዋ ቦግ አለች።

"ኧረ በማርያም! ዛሬ? ዛሬን ምን አስመረጠሽ?"

ቀይ መብራት ቢሆን ምርጫ የለም፣ ወዲያው ሞተር ማጥፋት ነው። ቢጫ ግን ጊዜ ትሰጣለች ይባላል። ምን ያህል ጊዜ? እሱን የሚነግር የለም። ብሄድና መንገድ ላይ ብትቆምስ? በዚያ መንገድ አንድ መኪና ካለፈ ሌላው እስኪመጣ ፀሐይ ትዞራለች። አባቴን በሸክም ላደርሳቸው ነው? ብቆም ደግሞ የቆምኩት ከእሳቸው ዕድሜ ላይ ነው። ቆምኩ። ልንበባት ብዬ።

ሽቦዬን አውጥቼ፣ ኮፈኑን ከፍቼ፣ ሁለቱን ቀዳዳዎች አገናኘሁ። ተመልሼ ቁልፉን ከፈትኩና ዳሽቦርዱ ላይ አፈጠጥኩ። ሁለት ጊዜ ብልጭ አለች። ትንሽ አረፈች። ደግሞ ሁለት ጊዜ ብልጭ። እንዳልሳሳት ደግማ እስክትነግረኝ ጠበቅኩ። ሃያ ሁለት። ከሸመደድኳቸው አንዱ ነው። የሞተሩን ሙቀት ለኮምፒውተሯ የሚነግረው ሴንሰር ማለት ነው።

እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ሴንሰሩ እንደሆነ ያረጀ ነው፣ ገመዱም የላላ ነው፤ መካኒኩ "አንድ ቀን ይለወጥ" እያለ ሲያስታውሰኝ ነበር። እንግዲያው ሞተሩ ደህና ነው፣ የታመመው ወሬ አቀባዩ ነው ብዬ ፈረድኩ። ጎንበስ ብዬ ገመዱን ላየው ስል አባቴ ከውስጥ አቃሰቱ። ኮፈኑን ዘግቼ ሮጥኩ።

"ምን አላት?" አሉኝ አባቴ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"ምንም የላትም አባዬ። ሽቦ ነው።"

"እሰይ" አሉ።

ጉድ እኮ ነው! እሳቸው እንደዚያ ሆነው የሚያሳስባቸው የእኔ መኪና ነበረች።

ትንሽ እንደሄድን የሙቀት ጌጁ ቀስት ከመሃል ተነሣ። መጀመሪያ አላመንኩትም። "ይኸው ሴንሰሩ ነው፣ ይዋሻል" አልኩ ለራሴ። ቀጥሎ ግን መካኒኩ የነገረኝ ነገር ትዝ አለኝ። ይቺ ቀስት የራሷ ሴንሰር አላት። ቢጫዋን መብራት የሚያበራው ሌላ፣ ቀስቷን የሚያንቀሳቅሰው ሌላ። ሁለቱ አይተዋወቁም። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ስለ አንድ ነገር ከተናገሩ ደግሞ ነገሩ እውነት ነው።

የማሞቂያውን ማራገቢያ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። እሱ ከሞተሩ ላይ ሙቀት እየሳበ ወደ ውስጥ ይተፋል። አባቴ እንደሆነ በላብ ተጠምቀዋል፤ "እሳት ውስጥ ከተትሽኝ እኮ!" ይላሉ። "ትንሽ ይቻሉት አባዬ፣ ትንሽ" እላለሁ። ቁልቁለቱን ማርሽ አውጥቼ ለቀቅኳት። ቀስቷ ቆም አለች። አቀበቱ ሲጀምር ግን ወደ ቀዩ ገሠገሠች። ከዚያ በኋላ ብነዳ ሞተሩ እዚያው ይደርቃል። ዳር ይዤ አቆምኩና አጠፋኋት።

ኮፈኑን ስከፍት እንፋሎቱ ፊቴ ላይ ፏ አለ። ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጎማ ቱቦ ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል፤ የፈላው ውሃ በቀጭኑ ሽው እያለ የሚረጨው ቀጥታ ያ ሴንሰር ገመድ ላይ ነው። አያችሁ አይደል! መኪናዋ አልዋሸችም። "እዚህ ጋ ነው ያመመኝ" ብላ ቦታውን በጣቷ ነው ያሳየችኝ፤ እኔ ነኝ ቸኩዬ የፈረድኩባት። ጠጠሩን በእግሬ ጠልዤ ጣቴን ክፉኛ አመመኝ።

መጠገኑስ ቀላል ነው። አባቴ ከኪሳቸው የማይለይ ሰንጢ አላቸው፤ የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጬ፣ ቱቦውን ወደ ውስጥ ገፍቼ፣ የሚያጠብቀውን የብረት ቀለበት በካቻቢቴ አጠበቅኩት። ግን ሲግል የራዲያተር ክዳን አይነካም፤ የነካ ሰው ፊቱን ያጣል። እስኪበርድ መጠበቅ ነው። አባቴ ከኋላ እያቃሰቱ፣ እኔ እጄን አጣጥፌ፣ አንድ የብረት ክዳን እስኪበርድ! ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ቀን የተንገበገብኩበት የለም።

ከዚያ ደግሞ ውሃው። ወደ ኋላ ዞሬ ጀሪካኔን ስፈልግ ነው ትዝ ያለኝ። ጤና ጣቢያ በረንዳ ላይ ከባናው ጋር ተቀምጧል። ዙሪያዬን አየሁ። የጓሳ ሣርና ድንጋይ ነው። ቤት የለም። ወንዙ ያለው ገደሉ ሥር ነው፣ ወርዶ ለመውጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። በልጉም ስለዘገየ ቦዩ ሁሉ ደርቋል።

ቄሱ በዚህ መሃል የአባቴን ራስ ቀና አድርገው ከጀሪካኑ በጣሳ ቀዱላቸው። "ትንሽ ቅመስ። ያበርድልሃል፣ ይፈታልሃል።"

አባቴ ፊታቸውን አዞሩ።

"ቅመስ እንጂ።"

"አልችልም አባ። ይተዉኝ።"

ይህን ስሰማ ቆምኩ። አባቴ ጠበል እምቢ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። አንዲት ጠብታ መሬት ብትወድቅ "ይረገጣል" ብለው የሚደነግጡ ሰው ናቸው። ጾሙን እንኳ ሐኪም ይፍታልዎት ቢባሉ የሚቆጡ ሰው። ታዲያ ምን ነክቷቸው ነው?

"ለምን አይጠጡም?" አልኳቸው። ወደ ቄሱም ዞርኩ።

"አባ፣ እርስዎ ያውቃሉ። ምን ሆነው ነው?"

ቄሱ መቁጠሪያቸውን ጨበጡ። "ልጄ፣ እኔ የነፍስ አባት ነኝ። የተነገረኝን የምናገርበት አፍ የለኝም።"

በቃ፣ ያን ጊዜ ፈነዳሁ። እናቴን ቀብሬ፣ እሳቸውን ላጣ ነው እንዴ? መንገድ መሃል፣ ባዶ ራዲያተር ታቅፌ?

"ይቺ ብረት እንኳ ሲያማት ብልጭ እያለች ትናገራለች! ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ እያለች ነገረችኝ! እናንተ ሁለት ሽማግሌዎች ግን ሬሳ እስክትሆኑ አትናገሩም! ምን ብዬ ነው ለሐኪሙ የምነግረው? 'ሆዱን ነው' ብዬ? እኔ ምን ላድርግ፣ ውሃ እንኳ የለኝም! አንድ ጣሳ ውሃ የለኝም!"

ድምፄ ገደሉን መቶ ተመለሰ። አባቴ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ከጋቢው ሥር፣ ቀስ ብለው፣

"ውሃስ እኔ ውስጥ ሞልቷል" አሉ። "መውጫ አጣ እንጂ።"

መጀመሪያ የሚቀልዱ መሰለኝ። የመንዝ ሰው ነፍሱ ልትወጣ ስትል እንኳ ቀልድ አያጣም። ቀጥሎ ግን ገባኝ። የመኪናዋን በር ይዤ ቆምኩ።

"ሽንትዎ ነው?"

ጋቢው ውስጥ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አባ፣ እንግዲህ ይንገሯት" አሉ አባቴ። ፊታቸውን ለእኔ ሳያሳዩ፣ ለቄሱ ነው የሚናገሩት። "እኔ በአፌ አልለውም። ፈትቼዎታለሁ፣ እርስዎ ይንገሯት።"

ቄሱ ነገሩኝ። ከትናንት በስቲያ ማታ ጀምሮ አንድ ጠብታ አልወጣቸውም። በፊትም ያስቸግራቸው ነበር፣ እንዲህ ግን ተዘግቶ አያውቅም። ለቄሱ በኑዛዜ መሃል ተናግረዋል፤ ለሌላ ሰው እንዳይነግሩ አስምለዋቸዋል። ቄሱም ጠበሉ ይከፍትላቸዋል ብለው በእምነት፣ ጠዋት ጠዋት በጣሳ በጣሳ ሲያጠጧቸው ቆይተዋል። የጠጡት ሁሉ እዚያው ተጠራቅሟል። ለዚያች ለጋ ነርስ ደግሞ "ሽንቴ ደህና ነው" አሉ። ሴት ልጅ ናትና።

"ለመድኃኒት ብዬ ነው ልጄ" አሉ ቄሱ። ጣሳው ውስጥ ያለውን ወደ ጀሪካኑ መለሱ። "በእኔ እጅ ነው እንዴ የገደልኩት?"

ምን ልበላቸው? ልቆጣ ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ዓይናቸውን ሳይ ዘጋሁት። ሰውዬው አልቅሰዋል።

አባቴ ከጋቢው ሥር እጃቸውን አወጡና ጀሪካኑን ጠቆሙ። "ለመኪናዋ ስጧት።"

"ምኑን?" አሉ ቄሱ።

"ጠበሉን። እኔ ማስቀመጫ የለኝም።"

ቄሱ ደነገጡ። ጠበል እንደ ተራ ውሃ የትም አይደፋም። ነገ ቱቦው ደግሞ ቢፈነዳ መንገድ ላይ ይፈሳል፣ የሰውም የከብትም እግር ይረግጠዋል። ይህን ሁሉ ሲያወጡ ሲያወርዱ ከፊታቸው ይነበባል። እኔም ጀሪካኑን እያየሁ ቆሜያለሁ። እምቢ ካሉኝ ነጥቄ የማፈስ ይመስለኛል፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እነጥቃቸው ነበር፣ ከዚያ ምን እንደምሆን እንጃ።

"ስትገዣት ውጭዋን እኔው በጠበል ረጭቻታለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ውስጧን ግን አልረጨሁም ነበር።"

መሬቱን ሳሙና ተነሡ። ክዳኑ በርዶ ነበር፤ በጨርቅ ይዤ ቀስ ብዬ ከፈትኩት። ጀሪካኑን ለእኔ አልሰጡኝም። ራሳቸው ይዘው "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ" ብለው፣ አንዲት ጠብታ ሳያንጠባጥቡ፣ ራዲያተሩ ውስጥ ቀዱት። ራዲያተሩ ጎርጎር እያለ ዋጠው። ጀሪካኑ ባዶ ሲሆን ራዲያተሩ ገና አልሞላም ነበር። ግን ምን ይደረጋል፤ ያለው እሱ ነው።

ሞተሩ ተነሣ። ቢጫዋ አሁንም እንደበራች ናት፣ ሴንሰሩ ርሷል። አንድ ዓይኔን መንገዱ ላይ፣ አንዱን ቀስቷ ላይ አድርጌ ነዳሁ። ቁልቁለት ሲገኝ ማርሽ አወጣለሁ፣ አቀበት ላይ በቀስታ እጎተታለሁ። ማሞቂያው እንደተከፈተ ነው። አሁን ግን አባቴ "አቃጠልሽኝ" አይሉም። ማቃሰትም ትተዋል። ያ ማቃሰት ሲረብሸኝ ቆይቶ፣ አሁን አንዲት "እህህ" ለመስማት ጆሮዬን አቁሜያለሁ።

"አባዬ!" እላለሁ ወደ ኋላ ዞር እያልኩ።

"አባዬ! ያናግሩኝ!"

"ዝም ብለሽ ንጂ" አሉ፤ ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተቆጡኝ።

ቄሱ ከኋላ በሹክሹክታ ዳዊት ይደግማሉ። አልፎ አልፎ "እጁ በረደ" ይሉኛል፤ እኔ ምን ላድርግ? መሪውን ጨብጬ "እንዳይተኙ አባ፣ ያናግሯቸው" እላለሁ። እሳቸውም "ሰማህ ወይ? የአምናውን ገብስ ስንት አገባህ?" እያሉ ይነዘንዟቸዋል። አባቴ በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆነው ስለ ገብሱ ሊመልሱ ይሞክራሉ። ሣቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ።

የመሃል ሜዳ ቆርቆሮ ጣራ ከሩቅ ሲያብረቀርቅ ባየሁ ጊዜ ቀስቷ ከቀዩ ደርሳ ነበር። ከፊታችን አንድ የመጨረሻ አቀበት አለ። ብቆምና ላብርዳት ብል እንደገና ያ ሁሉ ጥበቃ ነው፤ ውሃም የለም። ብሄድባት ሞተሩ ያበቃለታል። ይቺ መኪና እኮ እንጀራዬ ናት። የምለብሰውም የምጎርሰውም ከእሷ ነው። ቀስቷ ቀዩን አለፈች።

"ትቃጠል!" አልኩና ነዳጁን ረገጥኩት። "ትቃጠል! ትንደድ!"

ሆስፒታሉ በር ውስጥ ገብታ ነው የቆመችው። እኔ አላጠፋኋትም፣ ራሷ ጠፋች። ጭሷን እየተፋች ትቻት ሮጥኩ። ኋላ መካኒኩ ሲያያት የሞተሩ ራስ፣ እነሱ ቴስታታ የሚሉት፣ ተጣሞ ነበር።

"ሽንታቸው ተዘግቷል! ከትናንት በስቲያ ማታ ጀምሮ! ብዙ ውሃ ጠጥተዋል!" እያልኩ ነው የገባሁት። ድንገተኛ ክፍል ያለው ሐኪም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም። በአልጋ እየገፉ አስገቧቸው፣ መጋረጃውንም ፊቴ ላይ ሳቡት። ከመጋረጃው ወዲህ ቆሜ የጓንት ድምፅ ሰማሁ፣ የአባቴን የታፈነ ጩኸት ሰማሁ። ከዚያ አንድ ነገር ዕቃ ውስጥ ሲንቆረቆር ሰማሁ። አላቆመም። ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ሲወርድ። "ተመስገን" ይላሉ አባቴ። "ተመስገን፣ ተመስገን፣ ኧረ ተመስገን።" ግድግዳውን ተደግፌ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ቄሱ ግን ቆመው ነው ያለቀሱት።

በኋላ ሐኪሙ አስገባኝ። ፕሮስቴት የሚባለው እጢያቸው አብጦ መንገዱን እንደዘጋው አስረዳኝ። ለጊዜው በቱቦ እንዲወርድ ተደርጓል፤ ሕክምናው ይቀጥላል። "ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ ኩላሊታቸው ያልቅ ነበር" አለኝ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሮ እስክሪብቶውን አዘጋጀ።

"ሽንትዎ ማስቸገር የጀመረው መቼ ነው?"

"ቆይቷል።"

"ምን ያህል?"

አባቴ አንዴ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

"እናቷ ከሞተች ወዲህ ነው።"

እናቴ ከሞተች ሰባት ዓመት አልፏታል። ሐኪሙ መጻፉን ተወው። "ይህን ሁሉ ዓመት ለሰው ሳይነግሩ?"

"ለማን ልንገር? የምነግራት እሷ ነበረች።"

"እኔስ አባዬ? እኔ ምንዎ ነኝ?"

"አንቺማ ልጄ ነሽ" አሉ፤ ይህ በቂ ምክንያት እንደሆነ ሁሉ።

ወደ መኝታ ክፍል ሊወስዷቸው አልጋውን መግፋት ሲጀምሩ፣ ከቱቦው የተያያዘው ሽንት የሞላበት ላስቲክ ከጎናቸው ተንጠልጥሎ ነበር። ጎትተው በጋቢያቸው ሥር ሊደብቁት ሲታገሉ አየኋቸውና እጄን ዘረጋሁ።

"ይስጡኝ።"

"ተይ፣ ነውር ነው።"

"ይስጡኝ አልኩ።"

ለቀቁልኝ። ገና ትኩስ ነበር። በሁለት እጄ ይዤው ከአልጋው ጎን ጎን፣ በሰው መሃል፣ ኮሪደሩን ሄድኩ።